ከጀርመን እንዳታልፍ

መርሳ ላይ አባቴን የሚያስታውስ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው በአንድ አግዳሚ እንጨት ነው። ባሻ ሲሳይ፤ ፈረሱ ከጉልበት ብዙም ከፍ የማትል እንጨት ፊት የቆመበት፣ ሕዝብ ተሰብስቦ የሳቀበት። አሁን ከሞተ ወዲህ ደግሞ ሳቁን ዋጥ አድርገው ሌላ ወሬ ጀምረዋል፤ ባሻ እኮ ብልህ ነበር፣ ደርግን በቁሙ ያታለለ ሰው ነው ይላሉ። ያኔ የሳቁት አፎች ናቸው አሁን የሚያሞግሱት። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። ሜዳው ላይ ነበርኩ፤ ከማንም ይልቅ ቀርቤ አይቻለሁ። ያየሁት ግን በስምንት ዓመት ልጅ ዐይን ነውና፣ አንዲት ነገር ሳላስቀር አይቼ፣ አንዲቱንም በትክክል ሳልረዳ ነው ወደ ቤት የተመለስኩት።

አባቴ በወጣትነቱ አዲስ አበባ፣ በክቡር ዘበኛ ፈረሰኛ ነበር። ከታኅሣሡ ግርግር በኋላ ጓደኞቹ ሲበተኑ እሱም ተበተነና ባሻነቱን፣ የተሰነጠቀ ቡትስ ጫማውንና አንድ ኮርቻ ይዞ አገሩ ገባ። ሲያርስ ክንዱ እንጂ ልቡ አብሮት አልነበረም። እናቴ ብዙነሽ፣ ይኼ ሰውዬ በሬ ሲነዳ እንኳ ጃንሜዳ ያለ ይመስለዋል ትል ነበር። እንዳለችውም ነው። በሬዎቹ ከስተው ዳማው ፈረስ ጀርባው እንደ ቅቤ ያበራ ነበር።

ከቤታችን ጀርባ፣ ወደ ግራና ከተማ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ጠፍ መሬት ነበረችን። እዚያ ላይ አባቴ ሦስት ጥንድ የወይራ ባላ ተክሎ በየጥንዱ ላይ እንጨት አጋድሟል። ለአላፊ አግዳሚው እንጨት ናቸው። ለእኛ ግን አገሮች ነበሩ። በእሱ ጊዜ ጃንሜዳ ላይ የየኤምባሲው ፈረንጅ ፈረሱን እያስጎተተ ይመጣ ነበር አሉ። አንዱ አገር ከባድ የሚለውን ሌላው አገር መካከለኛ ነው እያለ ሲከራከሩ አባቴ ልጓም ይዞ ያዳምጣቸዋል። ጀርመኖች ደረጃውን በፊደል ይጠሩታል፤ ከታች ከጀማሪው ተነሥተው ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ እያሉ ይወጣሉ። እንግሊዞች ስም ያወጡለታል፤ አንዱን ደረጃ «ቀበሮ አዳኝ» ይሉታል። ፈረንሳዮች ደግሞ የመጨረሻውን «ታላቁ ሽልማት» ብለው እስከ ሰው አንገት ያደርሱታል። አባቴ ይህን ሁሉ ወደ መርሳ አምጥቶ በእኛ ጓሮ ተከለው። ዝቅተኛው እንጨት ጀርመን፣ የመካከለኛው እንግሊዝ፣ ትልቁ ፈረንሳይ።

ጀርመንን እኔም በእግሬ እዘላት ነበር። ቀሚሴን በጥርሴ ነክሼ፣ ከሩቅ ተንደርድሬ። እንግሊዝን በሥሯ በሆዴ ሾልኬ አልፋለሁ። ፈረንሳይ ላይ ደግሞ እናቴ ልብስ ታሰጣ ነበር፤ በዚህም ከአባቴ ጋር የማያባራ ጠብ ነበራቸው።

አባቴ ያለ ተማሪ መኖር የማይችል ሰው ነው። እኔን እንዳያስተምረኝ ሴት ነኝ፤ ያኔ እሱም ከሰፈሩ አይለይም ነበር። ስለዚህ የጎረቤታችንን የእትዬ ቶይባን ልጅ አብዱልጀሊልን ያዘ። እትዬ ቶይባ ገበያ ላይ ጨውና በርበሬ የምትሸጥ ባሏ የሞተባት ሴት ነች፤ ያላት አንድ ልጅ ነው። እሱም ከአጎቱ ያገኛት አንዲት አምባላይ ባዝራ ነበረችው፤ ነጭ፣ ቀጭን፣ እንደ ጌታዋ አንገቷን የማትደፋ። አብዱ ያኔ ጢሙ ገና መብቀሉ ነበር። እኔን «ቆንጥሬ» ይለኛል፤ እንደ ቆንጥር እሾህ ስለምይዝና ስለማልለቅ። አፌን የሚወደው እሱ ብቻ ነበር።

አባቴ አብዱን ሲያስተምር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተምረው የኮርቻውን ጠፍር ነበር። ከመነሣትህ በፊት ሁለት ጣትህን በሆዷና በጠፍሩ መካከል አስገባ፤ ጣትህ ከተጫወተ ጠፍሩ ልል ነው፣ ወርደህ አጥብቅ ይለዋል። አንድ ቀን አብዱ፣ እርስዎ ራስዎ ጭነውልኝ ሳለ ደግሞ ምን እፈትሻለሁ ቢለው አባቴ ተቆጣ።

«እኔ ብጭንልህም እንኳ አትመነኝ» አለው። «በኮርቻህ ጉዳይ አባትህንም አትመን።»

አብዱ ሣቀ፤ ጣቶቹን ግን አስገባ። ከዚያ ወዲያ ሳያስገባ ተነሥቶ አያውቅም።

አባቴ ራሱ ሌላ ልማድ ነበረው። እርካብ ከመርገጡ በፊት ወደ ዳማው ጆሮ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ያንሾካሹካል። ምን እንደሚለው ስጠይቀው የሁለታችን ነው ይለኛል። ይህንንም የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ባሻ ለፈረሱ ንስሐ ይገባል እያሉ ያሾፉበት ነበር።

በ1970 መስከረም፣ የአብዮት በዓል ሊከበር ሲል፣ ፈረስ ያለው ሁሉ ፈረሱን ጭኖ መርሳ ሜዳ እንዲመጣ ገበሬ ማኅበሩ አዘዘ። ዘመናዊ የፈረስ ግልቢያ ውድድር ይደረጋል ተባለ። ጉግስ አይደለም፤ ጉግስ የፊውዳል ጨዋታ ነው፤ ይኼ ደረጃ ያለው ነው ተባለ። ደረጃ የምትለዋን ቃል ከመንግሥት አፍ ስሰማ ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። አባቴ ጓሮ ውስጥ የተከለውን ነገር መንግሥት ሊያደርገው ነው ብዬ አመንኩ። አባቴም የዚያን ሰሞን እንደ ሙሽራ ነበር። ቡትሱን ቅባት ቀባ፤ ኮርቻውን ፀሐይ ላይ አውጥቶ ወለወለ፤ አብዱን ፈረንሳይን ደጋግሞ አዘለለው። እናቴ ልብሷን ከፈረንሳይ ላይ አነሣች።

በዓሉ ዕለት ሜዳው ሌሊት የዘነበበትን ውሃ ገና አልጠጣም ነበር። ጭቃው የእበትና የተረገጠ ሣር ሽታ ይሸታል። ሰው ከውርጌሳ፣ ከሐራ፣ ከደጋውም ወርዶ ሜዳውን ከቦታል። ከሜዳው ማዶ በሁለት እንጨት መካከል ቀይ ጨርቅ ተወጥሮ ነጭ ጽሕፈት ተጽፎበታል። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አብዱን ምን ይላል አልኩት። አምባላይዋ ላይ እንደተቀመጠ ዐይኑን ጠበብ አድርጎ፣ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ሲል አነበበልኝ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው ያነበበው፤ ማንበብ መቻሉን ሰው እንዲሰማለት። እኔም ኮራሁበት። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሱቄ ውስጥ ስኳር የሚጠቀለልበትን ጋዜጣ እያነበብኩ ራሴን በራሴ ፊደል ሳስተምር፣ ያቺ መፈክር አንድ ቀን ከአሮጌ ገጽ ላይ ብቅ አለችብኝና ጋዜጣውን ስኳር ሳልጠቀልልበት አቃጠልኩት። በራሱ አፍ ነበር እኮ ያነበበው። የሰማነው ሁላችንም ነን።

ከወልድያ፣ ከአውራጃው የመጣው ካድሬ ጓድ ተፈራ ይባላል። ክፉ ፊት አልነበረውም፤ ይህን መዋሸት አልችልም። ቀጭን፣ ትሑት፣ ሽማግሌ ሲያይ ከወንበሩ የሚነሣ ልጅ ነበር። ድምፅ ማጉያውን አፉ ላይ ደቅኖ፣ እንዲህ ያለው ውድድር በወዳጅ ሶሻሊስት አገሮች፣ በቡልጋሪያና በዴሞክራቲክ ጀርመን እንደሚደረግ ተናገረ። ጀርመን ሲል እናቴን ጎሰምኳት። የእኛን ጀርመን ያውቃታል ማለት ነው።

ከዚያ ደረጃዎቹን አስረዳ። የመጀመሪያው ደረጃ፣ ሜዳው መካከል የተጋደመውን ዝቅተኛ እንጨት መዝለል። ይህቺ የእኛን ጀርመን ታክላለች። ሁለተኛው ደረጃ፣ ጋላቢው ከኋላው ሁለት ከረጢት አሸዋ ጭኖ ወንዙን መሻገርና መመለስ። ሦስተኛው፣ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች በግራና በቀኝ ጥይት ወደ ሰማይ ሲተኩሱ ፈረሱ ሳይደነብር በመካከላቸው አልፎ ትልቁን እንጨት መዝለል።

ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔ ወደ አባቴ ዞር አልኩ። ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። እንደ ሙሽራ የነበረው ሰው ድንገት አመድ ነስንሰውበት የሄዱ መሰለ። እጁን ዳማው አንገት ላይ እንዳሳረፈ ቆሞ ቀረ። እኔ የተረዳሁት እንዲህ ነው፤ አባቴ ፈራ። ደረጃው ከእሱ አገሮች በላይ ሆነበት። አሸዋና ጥይት ያለበት ጀርመን አያውቅም።

አለማወቁስ እውነት ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እኔም አድጌ፣ እሱም ዐይኑ ደክሞ፣ አንድ ቀን በደጃፋችን ፀሐይ ሲሞቅ ጠየቅሁትና ነገረኝ። በየአገሩ ደረጃው ይለያያል አለኝ፤ አንዱ ዝቅ አንዱ ከፍ ያደርገዋል፣ አንዱ በፊደል አንዱ በስም ይጠራዋል። ግን በየትም አገር ቢሆን ፈረስ አሸዋ ጭኖ፣ ጥይት እየተተኮሰበት የሚወዳደርበት ደረጃ የለም። ያ ውድድር አይደለም። እኛ በክቡር ዘበኛ ሳለን ለጦር የሚላከውን ፈረስ የምንመርጠው በትክክል እንደዚያ ነበር፤ መጀመሪያ እንጨት፣ ቀጥሎ ጭነትና ውሃ፣ መጨረሻ ተኩስ። እኔው ራሴ ስንቱን መርጫለሁ አለኝ። ፈረሱን ሲመርጡ ደግሞ ጋላቢውን ለይተው አይተዉትም።

ያን ዕለት ግን ይህን ለማንም ሊናገር አይችልም ነበር። አጠገባችን ጠመንጃ ያነገቱት የአብዮት ጥበቃ ልጆች ቆመው ነበር፤ አንዱ የአጎቴ ልጅ ነው፣ እሱ ደግሞ ከሁሉ ይብስ ነበር። በዚያ ሰሞን «ይኼ ለጦር ነው» ብሎ ሰው ያስደነገጠ ወልድያ ተወስዶ ሳይመለስ ይቀር ነበር።

አባቴ ዳማውን ለእናቴ ሰጥቶ ወደ አብዱ ሄደ። እኔም እንደ ጥላ ተከተልኩት። የሚያስተምር መምህር መስሎ ባዝራይቱን ዞሮ ዞሮ አያት፣ ግንባሯን ዳሰሰ፣ ከዚያ ጎኗ ላይ ተጠጋ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«አብዱ» አለው፣ «ዛሬ ከጀርመን እንዳታልፍ።»

አብዱ የሚያሾፍ መሰለው። «ምነው ባሻ፣ ፈረንሳይን ለማን ልተዋት?» ብሎ በዐይኑ ጠቀሰኝ።

«ስማኝ ልጄ። ከጀርመን እንዳታልፍ ብያለሁ።»

የአጎቴ ልጅ ጠመንጃውን ከትከሻ ወደ ትከሻ እያዛወረ ቀረብ አለ። አባቴ ዝም አለ። እጁ ግን ዝም አላለም። በባዝራይቱ ሆድ ሥር ገባና የጠፍሩን ማሰሪያ ቀስ ብሎ ሲያላላው አየሁ። እኔ ልጅ ነኝ፤ ቁመቴ ከፈረስ ሆድ እኩል ነው፤ ከእኔ በቀር ማንም ሊያየው አይችልም ነበር። ጠፍሩ በአንዲት ቀዳዳ፣ ከዚያም በሌላ ወረደ። አብዱ እንጨቷ ላይ ሲደርስ ኮርቻው ይዞርና ይወድቃል። ጭቃ ነው፤ ቢወድቅ ቂጡ ቢቆስል ነው እንጂ አይሞትም። ይህን የመጨረሻውን ሐሳብ ግን ያሰብኩት በቅርቡ ነው። ያኔ ያሰብኩት ሌላ ነው፤ አባቴ ቀናተኛ ነው፣ ተማሪው እንዳይበልጠው ሊጥለው ነው አልኩ።

አብዱ ስሙ ሲጠራ ሁለት ጣቱን ወደ ጠፍሩ ላከ።

ጣቶቹ ተጫወቱ። አብዱ ወረደ፤ ጠፍሩን ሳብ አድርጎ እስኪያቃስት ድረስ አጠበቀው፤ ከዚያም ቀና ብሎ አባቴን አየው። ሣቅ የማያጣው ፊት ሣቅ አልነበረበትም።

«ባሻ» አለው በቀስታ፣ «እኔ ልጅዎ አይደለሁም እንዴ?»

አባቴ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ጠመንጃው አጠገባችን ነበር፤ አፉን መልሶ ዘጋ። አብዱ እርካቡን ረግጦ ወጣና ደረጃዎቹን ሁሉ አለፈ። ጀርመንን እንደ ጉቶ ዘለላት። ወንዙን አሸዋውን ጭኖ ሲሻገር አምባላይዋ እስከ ደረቷ ገብታ ወጣች። ጥይቱ ሲንጣጣ ሌሎቹ ፈረሶች ሕዝቡ ውስጥ ዘለው ሲገቡ እሷ ጆሮዋን እንኳ አላጠፈችም። በመጨረሻው እንጨት ላይ ከሰማዩ ጋር ሲያያዙ እትዬ ቶይባ እልልታዋን ለቀቀችው። ያችን እልልታ ሜዳው ሁሉ ተቀበላት። እኔም ተቀብያታለሁ።

ከዚያ «ባሻ ሲሳይ» ተብሎ ተጠራ። አባቴ ወደ ዳማው ጆሮ ጎንበስ ብሎ እንደ ወትሮው አንሾካሾከ፤ ሕዝቡም እንደ ወትሮው፣ ባሻ ንስሐ ገባ እያለ ሣቀ። ከዚያ ተነሣ። አወጣጡ ያማረ ነበር፤ ጀርባው ቀጥ፣ ክንዱ ጎኑ ላይ፣ ዳማው ጭቃውን ወደ ኋላ እየረጨ። ከዚያች እኔ ቀሚሴን ነክሼ ከምዘላት እንጨት ፊት ሲደርስ ፈረሱ አራት እግሩን ተክሎ ቆመ። አባቴ አዙሮ መለሰውና እንደገና አመጣው። እንደገና ቆመ። ሣቁ ከወንዙ ማዶ ሳይቀር ተሰማ። ባሻ፣ እንጨቷን ዝቅ እናድርግልዎ እንዴ ያለው ሰው ዛሬም በሕይወት አለ፤ በለቅሶው ላይ ከሁሉ ፊት ተቀምጦ ነበር።

አባቴ ከፈረሱ ወረደ። ቆቡን አወለቀና ለዳኞቹ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ጃንሜዳ ላይ ፈረሱ እምቢ ያለው ሰው እንዲህ አድርጎ ይወጣል፤ ማንም ምክንያቱን አይጠይቀውም። መርሳ ላይ ግን ይህን ማን ያውቃል? ለካድሬ የሰገደ ነው የመሰላቸው። ያን ዕለት ከሁሉ የበለጠ የጠላሁት ያችን እጅ መንሣት ነበር።

ለአሸናፊዎቹ ፈረሶች አንገታቸው ላይ ቀይ ጨርቅ ታሰረ። ጓድ ተፈራ ድምፅ ማጉያውን አንሥቶ ቀጣዩ ደረጃ ወልድያ ነው፣ ከዚያ ደሴ፣ ከዚያ አዲስ አበባ አለ። አሸናፊዎቹም የእናት አገር ጥሪ ቀዳሚ ፈረሰኞች ተባሉ። ከሰዓት በኋላ ሁለት የጭነት መኪና መጣ፤ አንዱ ለፈረሶቹ፣ አንዱ ለሰዎቹ። ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ቀጥሎ ያለው ደረጃ እውነተኛይቱ ጀርመን ናት። አብዱም ከመኪናው ላይ ቁልቁል አየኝና፣ ቆንጥሬ፣ ከጀርመን ምን ላምጣልሽ አለኝ። እንጨታቸውን አልኩት። እንግዲህ እንዲህ ብዬ ነው የተሰናበትኩት።

እትዬ ቶይባ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ጓድ ተፈራን ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል እሱ አፍሮ ቀና አደረጋት፤ አላህ ይስጥልኝ፣ ልጄን ሰው አደረግህልኝ እያለች መረቀችው። አባቴ በሜዳው ዳር የዳማውን ልጓም ይዞ ቆሞ ነበር። ለስንብት አልመጣም። እንዳልኩት፣ ቀናተኛ ነው ብዬ ደምድሜአለሁና አልገረመኝም። ጓድ ተፈራ ሲያልፍ፣ ባሻ፣ ፈረስዎ ሰነፈብን ቢለው አባቴ፣ አርጅተናል ጓድ፣ ሁለታችንም አርጅተናል ሲል ሰማሁት። በሕይወቱ ራሱን አርጅቻለሁ ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስሙ «ባሻ ጀርመን» ሆነ። የሰፈር ልጆች በመንገዴ ላይ ጭራሮ አጋድመው፣ አባትሽ ያቃተውን ዝለይ እያሉ ይጠብቁኛል። ዘልዬ ካለፍኩ በኋላ ጭራሮውን አንሥቼ በየጀርባቸው ሰብሬአለሁ። ስለ ጠፍሩ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ሰነፍ የተባለ አባት ላይ አጭበርባሪ የሚል ልጨምርበት?

አብዱ ከወልድያ አልተመለሰም። ከደሴም አልተመለሰም። በጥር ግድም የሐራ ሰው የሆነ አንድ ሚሊሺያ ክንዱን ቆርጠውት ተመለሰና ገበያ መካከል አወራ። አብረው ሠልጥነው አብረው ወደ ምሥራቅ ተጭነዋል። አምባላይዋ የጥይት ሣጥን ተሸክማ ገና መንገድ ላይ ወደቀች፤ አብዱ ደግሞ በመጀመሪያው ውጊያ። እትዬ ቶይባ ጨው የምትሰፍርበትን ጣሳ እንደያዘች ነው የሰማችው።

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ቤት ለቅሶ ሲጎርፍ እሷ ከቀናት በኋላ ወደ እኛ ቤት መጣች። ገበሬው ሁሉ ውቂያ ላይ ነበር፤ ቀትር ነው። እናቴ ግቢ አለቻት። አልገባችም። ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ሻሿን አንገቷ ላይ ጥላ፣ አባቴን ብቻ አየችው። እንባ አልነበራትም። አባቴ ከመደቡ ተነሥቶ እንደ ተከሳሽ ቆመላት።

«ባሻ» አለችው፣ «ለፈረስዎ የነገሩትን ለልጄ ቢነግሩት ምን ነበረበት?»

ዞራ ሄደች።

እንግዲህ እኔን እዩኝ። በጓዳው መጋረጃ ሥር ተቀምጬ ይህን ሰማሁ። ለፈረሱ የነገረው! ያቺ ሹክሹክታ የመዝለያ ቃል ነበረች ማለት ነው፤ አባቴ ለዳማው ብቻ ነገረው፤ ዳማው ደግሞ ሰነፍ ስለሆነ አልሰማም፤ አብዱ ቢያውቃት ኖሮ ከጦር ላይ ዘልሎ ያመልጥ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀትሩ ወደ በረቱ እየገባሁ፣ ገንዳው ላይ ወጥቼ፣ በዳማው ጆሮ የማውቀውን ቃል ሁሉ አንሾካሾክኩበት። ዝለል አልኩት። እምቢ አልኩት። ጀርመን፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ አልኩት። የአብዱን ስም ነገርኩት። ዳማው ጆሮውን እያረገበ ሞቃት ትንፋሹን ፊቴ ላይ ይለቅብኛል እንጂ አንድም ቃል አላወቀልኝም።

ይህንንም ብዙ አልቀጠልኩበት። በሚያዝያ ገበሬ ማኅበሩ ለግንባር ስንቅ ማጓጓዣ ነው ብሎ ጭነት የሚችለውን ከብት ሁሉ ሰበሰበ። በቅሎ፣ አህያ፣ ፈረስ፤ ሰነፍ ጎበዝ ሳይሉ። ያ ሁሉ ውርደት የተከፈለበት ፈረስ ያለ ምንም ደረጃ፣ ያለ አንዲት አግዳሚ እንጨት፣ አንገቱ ላይ ገመድ ገብቶለት ከአህዮች ጋር ተነዳ። አባቴ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ሸኘው። ጆሮው ላይ አላንሾካሾከም።

አባቴ ባለፈው ዓመት ሞተ። ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ሙሉ ነበር። ያቺ መርሳ የሳቀችበትን ሰው ልታሞግስ ተሰብስባለች። ባሻ እኮ ፈረሱን በሹክሹክታ ያቆመ ሰው ነው፤ ዐውቆ ነው፤ ካድሬውን አሞኝቶ ራሱንም ፈረሱንም አተረፈ እያሉ እንደ ጀግንነት ያወራሉ። እንጨቷን ዝቅ እናድርግልዎ ያለው ሰው፣ እኔስ ያኔውኑ ገብቶኛል አለ። አፌን ልከፍትበት ስል እትዬ ቶይባን አየኋት።

ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ ቀትር ወዲህ ደጃፋችንን ረግጣ አታውቅም፤ ለአባቴ ለቅሶ ግን መጣች። የሚወራውን ሁሉ አንገቷን ሳትደፋ አዳመጠችና ቀስ ብላ ተነሥታ ወጣች። ተከተልኳት። ወደ ጓሮ ነው የሄደችው። የወይራ ባላዎቹ ጠቁረው እንደ ቆሙ ናቸው፤ አሁን ጥጃ ይታሰርባቸዋል። ፈረንሳይ አግዳሚዋን ካጣች ቆይቷል። ዝቅተኛዋ ግን አለች።

«የትኛዋ ናት ጀርመን?» አለችኝ።

አሳየኋት። ቀረብ ብላ አየቻት። ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብሰብ አደረገች፤ በሌላው እጇ ትከሻዬን ያዘች፤ አንድ እግሯን አነሣች፣ ከዚያ ሌላውን። ተሻገረቻት። ስልሳ ዓመት የደረሰች ጉልበቷ የሚያማት ሴት ናት።

«ይቺን ነው?»

«ይቺን ነው፣ እትዬ።»

እንጨቷን ይዛ ቆመች። ያን ጊዜ ነው የጠፍሩን ነገር ያወጣሁላት፤ ከእኔ በቀር በሕይወት ያለ ሰው የማያውቀውን። እጁን በባዝራይቱ ሆድ ሥር ሰዶ ማሰሪያውን ሲያላላ እንዳየሁት፣ በአፉ ሊለው ያልቻለውን በእጁ ሊያደርገው እንደሞከረ፣ ጠመንጃው ምን ያህል ቀርቦ እንደነበር፣ አብዱ ጣቱን አስገብቶ እንደነቃና ወርዶ እንዳጠበቀው። ስነግራት ድምፄ እንደ ጠበቃ ነበር፤ አሁን ይቅር ትለዋለች ብዬ ነበር መሰለኝ። ወይም እኔ ይቅር እንድለው ትፈቅድልኛለች ብዬ።

እስክጨርስ ሰማችኝ። ጥጃዋ ገመዷን እየሳበች ትጮሃለች፤ ከድንኳኑ የሰዎች ወሬ ይሰማል። እትዬ ቶይባ እጇን ከእንጨቷ ላይ አነሣችና መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች።

«ማጥበቁንስ» አለችኝ፣ «ማን አስተማረው?»

ተመልሳ ለመሻገር ትከሻዬን አልያዘችም። በባላው በኩል ዞራ፣ በድንኳኑ ጀርባ አድርጋ ወጣች።